ቀፎ

ሰኔ ነው፣ ዝናብ ነው፣ በኬዮን ወደብ ላይ፣
ባሕሩ ከዳር ዳር አይለይ ከሰማይ።
ከዓሣው እርባታ፣ ከሰባተኛው በረት፣
ጎንበስ ብዬ ስፈትሽ የመረቡን ክረት፣
ስልኩ ከደረት ኪስ፣ እንደ ሙልጭልጭ ዓሣ፣
ጥልቅ አለ።
ድምፁ ትንሽ ነበር። ማንም ራስ አላነሣ።

«ስልኬ» አልልም እኔ፤ የመሥሪያ ቤቱ ነው፣
ጀርባው ላይ በምስማር «አርባ ሰባት» ያለው።
የውሃውን ትንፋሽ በሰዓት በሰዓቱ
ለቢሮ መንገር ነው የስልኩ ሹመቱ።
የውሃን ትንፋሽ ለክቶ ሲናገር የኖረው
በውሃ ትንፋሽ አጥቶ እጄ ላይ ቀረ፣ ይኸው።

በዓሣ መጭለፊያ አወጣሁት ቶሎ፣
ጨው ጠግቦ፣ ዓይኑን ገልብጦ፣ ዝም ብሎ።
«ሩዝ ውስጥ ቅበሪው» አለችኝ ኦቲልያ፣
ለሁሉም ነገር ሩዝ ናት፣ ለጉንፋንም፣ ለገበያ።
ቀበርኩት። ሁለት ሌሊት። በሦስተኛው ሳወጣው
ስልኩ እንደሞተ ነው፤ ሩዙን ግን በላነው።

አለቃዬ ኦያርሱን ወረቀት ዘረጋ፦
«አዲስ ቀፎ፣ ሦስት መቶ አስር ሺ ፔሶ ዋጋ፤
በሦስት ወር ከደሞዝሽ፣ ቀስ እያልን።»
«የምንሠራው» አልኩት፣ «ውሃ ላይ አይደለም ወይ፣ ጌታዬ?»
«ምክንያትሽ ውሃ አያነሣም» አለና ሳቀ አለቃዬ።
አያነሣ ይሆናል። ስልኩ ግን አንሥቶ ነበር፣
አንድ ጉንጭ ሙሉ፣ ከነጨው፣ ከነጠጠር።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲሉ እውነት ነው፤
ሲጠፋ ግን ዋጋው ከገዛ ጆሮሽ ነው የሚቆረጠው።

ቅዳሜ ከሰዓት ወጣሁ ወደ ላይ መንደር፣
ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከጫማ ሰፊው በር፣
ሬምበርቶ ቺጓይ፣ አጉሊ መነጽር ግንባሩ ላይ፣
በጥርስ ብሩሽ የሰው ስልክ ሆድ ሲያሽ ነው የምታይ።
ከፈተው። አሸተተው። «ጨው» አለኝ፣ እንደ ሐኪም፣
«የዝናብ ውሃ ይምራል፤ የባሕር ግን አይምርም።
ይህን ላድንልሽ ብል ትከፍያለሽ ሁለቴ፣
አንዴ ለተስፋሽ፣ አንዴ ለልፋቴ።»

ከእግሩ ሥር ሳጥን ሳበ፣ የብስኩት ካርቶን፣
ውስጡ ቀፎ በቀፎ፤ ንቡ የሸሸው ወዴት ይሆን?
አንዱ ስክሪኑ የተሰነጠቀ እንደ በረዶ ኩሬ፣
አንዱ ልጅ የነከሰው፣ አንዱ ያለ ጆሮ።
«ይሄ» አለ፣ «ያንቺው ዓይነት ነው፤ ጀርባው ብቻ ቆስሏል፤
ባትሪው ወሬ ካላበዛሽ እስከ ማታ ያደርሳል።
ሠላሳ አምስት ሺ።»
«ሃያ አምስት።»
«ሃያ ስምንት፣ ከጢስ ዓሣ አንድ ኪሎ ጋር።»
«ግማሽ።»
«ከነጭንቅላቱ?»
«ከነጭንቅላቱ።»

ሲም ካርዷን በመርፌ አወጣት፣ እፍ አለባት፣
እንደ አውራ ንብ ከሌላው ቀፎ አገባት።
ስልኩ ተንቀጠቀጠ፣ ቁጥሬን ዐወቀ፣
የአራት ቀን መልእክት እንደ መንጋ እየጮኸ ዘለቀ፦
«አርባ ሰባት የት ነሽ?» «አርባ ሰባት፣ ትንፋሹስ?»
ማንም «ደህና ነሽ ወይ» አላለኝም። ይሁን። እንቀጥል።

ሰኞ ምሽት፣ አሥራ ሁለት ከአርባ ላይ፣ በረቱ ላይ ቆሜ፣
ደወል ጮኸ፤ እኔ ያልሞላሁት፤ ደነገጥኩ ከአቋሜ።
ስክሪኑ ላይ በትንንሽ ፊደል፦
«ድመቷን አስገቢ፣ ዘነበ።»

ድመት የለኝም።
ሬምበርቶን ጠየቅኩት። «ሳጥኑን ከፖርቶ ሞንት
በጅምላ ነው ያነሣሁት፤ ማን ያውቃል የማን ቤት?
ላጥፋልሽ?» አለኝ። ጣቱ ተሰናድቶ ነበር።
ተወው አልኩት፤ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ፤ ይደር።

ኦያርሱን ቀፎውን ገልብጦ ጀርባውን ዳበሰ፤
አርባ ሰባት በምስማር ጭሬበታለሁ፤ ዝም ብሎ መለሰ።

አሁን ሲመሽ ኦቲልያ ከወዲያኛው በረት ላይ
ትጮኻለች፦ «ድመትሽ ገባች ወይ?»
እኔም ቁጥሩን እየላክሁ፣ ሰባት ነጥብ ሁለት፣
አንገቴን አዞራለሁ፣ ዝናቡ ወደሚመጣበት።